ለመስቀል የተቀባችው ፊያት

ቡታጅራ ውስጥ «የሀብቴ ቀይዋ» ሲባል የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ሰው አያናግርም። ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ የጣልያን ፊያት ነበረች። ስፖርት መኪና ናት። ከፊት ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ከኋላ የገባ ግን ጉልበቱን አገጩ ላይ ለጥፎ ነው የሚሄደው። ባለቤቷ ሀብተጊዮርጊስ ዕድሜውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን፣ ጋራዡን ጥሎ ወደ አገሩ የሚሸሽ አንድ ጣልያን «ከሚወርሷት አንተ ብትወስዳት ይሻለኛል» ብሎ በርካሽ ለቀቀለት። ከዚያ ወዲያ መስቀል በመጣ ቁጥር ሀብቴ ከአዲስ አበባ እየነዳት ይገባ ነበር። ልጆች ከአቧራው ኋላ ይሮጣሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ ዙሪያዋን እየዞሩ፣ «ለመሆኑ ይቺ ምን ትጭናለች?» ይላሉ።

«የሺመቤትን ነዋ!» ይላል ሀብቴ። «እሷ ገብታ የተረፈውን ቦታ አፏ ይሞላዋል!»

የሺመቤት ሚስቱ ናት። አፏ አያርፍም፣ እውነቱን ነው። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ፤ ለወለደች ጎረቤት ገንፎ፣ ለታመመ አጥሚት ይዛ የምትሮጥ እሷ ናት። ባሏን ግን ሳትቆጣ ውላ አታድርም። ቤት ቢሠራ «ጣራው ዘሟል»፣ በግ ቢገዛ «አጥንት ጎትተህ መጣህ»። መኪና ውስጥ ከጎኑ ስትቀመጥማ፣ «ቀስ በል! ያንን ጉድጓድ አታልፈውም? ምነው፣ የአሰብ ግመል ቀደመህ እንዴ?» እያለች ነው ከአዲስ አበባ ቡታጅራ የምትደርሰው። አንድ ቀን «አበጀህ» ብላው አታውቅም። ሀብቴም ይህን ለምዶት ብቻ ሳይሆን ወዶት ነው የሚኖረው። ሰው የሚቆጣህ ገና ተስፋ ሲያደርግብህ ነው። የማይረባውንማ ማን ይቆጣዋል?

ጡረታ ወጥቶ ከየሺመቤት ጋር ቡታጅራ ጠቅልሎ ከገባ በኋላ ዓይኑ ታመመ፤ መታመሙን ያወቀው በራሱ ነው። በመጀመሪያ ከጎን የሚመጣ ሰው ከመሬት የበቀለ ይመስል ያስደነግጠው ጀመር። ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጣ። የመኪና ዕቃ ልግዛ ብሎ አዲስ አበባ ሄደና ለማንም ሳይናገር አንድ ክሊኒክ ገባ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ብዙ ጊዜ ወስዳ ካየችው በኋላ፣ «አባቴ፣ የዓይን ግፊት ነው። የሞተው ነርቭ አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ይህን ጠብታ ያድርጉ» አለችው። ጠብታውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ሸሽጎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዓለሙን የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ብርሃን፣ ዙሪያው ጉም። ያም መሐሉ እያደር ይደበዝዝ ነበር።

ለምን ደበቀ ትሉ ይሆናል። ልጆቹ ቴዲና ሩቲ አዲስ አበባ ናቸው፤ ቴዲ መርካቶ ይነግዳል፣ ሩቲ ታስተምራለች። አባታችን ማየት አቃተው ብለው ቢሰሙ በማግስቱ መጥተው፣ ከቡታጅራ ነቅለው፣ ቴዲ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሊያስቀምጡት ነው። ይወዱታላ! ፍቅር ነው ብለው ነው የሚያደርጉት። ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ንፋስ ፊቱን ሳይነካው፣ «ሀብቴ!» ብሎ በመንገድ የሚጠራው ሳይኖር፣ ምሳው በሰዓቱ የሚቀርብለት ሽማግሌ ሆኖ ሶፋ ላይ መቀመጥ። በዳናኪል ሐሩር ስንቱን መኪና ከኋላው አስከትሎ መንገድ ይመራ የነበረ ሰው፣ ሽንት ቤት በእጁ ተይዞ ሲመራ! ለሀብቴ ይህ ከሞት አይሻልም ነበር።

ስለዚህ ደበቀ። አጥሩን በእጁ እየታከከ ይሄዳል፣ ሰውን በድምፁ ይለያል። ፊያቷን «ካርቡሬተሯ ታሟል» ብሎ ከግቢው ዛፍ ሥር አቆማት። ዓምና ለመስቀል ልጆቹ ሲመጡ ታዲያ ቴዲ፣ «አባዬ፣ ምነው ቀይዋን ተውካት? አገር ቤት፣ አያታችን መንደር፣ በሚኒባስ ልንሄድ ነው?» አለው። ሀብቴ ደነገጠ። አፉ እንዳመጣለት፣ «ቀለሟ አሳፈረኝ። ተላልጣ ተላልጣ የተላጠ ድንች መስላለች። ለሚመጣው መስቀል በገዛ እጄ ቀብቼ እንደ አዲስ ላድርጋትና ያኔ ታዩታላችሁ» አለ። ይኸው በገዛ አፉ ታሰረ። የሚመጣው መስቀል ደግሞ የሚሊኒየሙ ነው፤ አንድ ጉራጌ ውጭ አይቀርም ተብሎ የተወራለት። ቴዲ ዓመቱን ሙሉ በደወለ ቁጥር «ቀለሙስ አባዬ?» ሳይል ስልኩን አይዘጋም።

እያደር ግን ሀብቴ ነገሩን ገልብጦ አየው። ይህን መኪና እንዲህ አሳምሮ የቀባ ሰው ዓይኑ አያይም ብሎ የሚናገር ማን ነው? መንዳቱን እንኳ አላሰበም፣ እብድ አይደለም። «ዛሬ ቴዲ ይንዳ፣ እኔ ጎኑ ሆኜ ልኩራባት» ብሎ ያመልጣል። ቀለሟ ብቻ ይመር። ቀለሟ ካማረ ቢያንስ እስከሚቀጥለው መስቀል ስለ ዓይኑ ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም ከቤቱ አያነሳውም። ለሽማግሌ ሰው አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

ነሐሴ ሲጋመስ ወደ ጀማሉ ሱቅ ሄደ። ጀማሉ ሚስማርና ቆርቆሮ፣ ቀለምም የሚሸጥ አብሮ አደጉ ነው።

«ምን እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ዘው ትላለህ! አሰላሙ አለይኩም አይባልም?» አለ ጀማሉ።

«ወአለይኩም ሰላም። ቀይ ቀለም ስጠኝ።»

«የመኪናን ቀለም ከኔ ፈልገህ? እኔ ያለኝ የበር ቀለም ነው።»

«እሱኑ ስጠኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አስፋልቱ ዳር ኮምፕረሰር ያለው ልጅ አለኮ! እስከ ምሳ ሰዓት ረጭቶ ይጨርስልሃል። ለመስቀል በሬ የምትጥል ሰው ለዚህ ምን ያሰስትሃል?»

«የጡረተኛን መኪና ጡረተኛ ነው የሚቀባት» አለ ሀብቴ።

ጀማሉ ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ፣ ስትሞት ከፈኑን ራሴ ልስፋ ትላለህ!» አለው። ሀብቴም አብሮ ሳቀ። ስስታም መባል ያን ቀን ደስ አሰኘው፤ ስለ ዓይኑ ከሚባል ስለ እጁ ቢባል ይሻላል።

ሥራውን ጀመረ። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀው። እዚህ ላይ እንኳ ዓይን አላስፈለገውም፤ ዝገቱን በጣቱ ጫፍ እየፈለገ ያገኘዋል። የተበሳሳውን ላሜራ በስቱኮ ሞላ፣ መልሶ አለሰለሰ። መስታወቶቹን በአሮጌ ጋዜጣ ሸፈነ። ቲነር ውድ ነውና ቤንዚን ቀላቀለበት። መርጫ ደግሞ ከየት ይመጣል? ሲያስብ ቆይቶ ከአልጋ ሥር የፍሊት መንፊያውን ጎትቶ አወጣ።

«እሱን ወዴት ነው? ፊያትህ ትኋን አፈራች?» አለች የሺመቤት።

«ቀለም ልነፋበት ነው።»

«ጉድ በል አገሬ! ሰው መኪና በፍሊት ይቀባል? አንተ እኮ የማታሳፍርበት ቦታ የለም። ኋላ ቤቴን ትኋን ሲወርሰው በምን ልነፋ ነው? በኮምፕረሰር?»

ሀብቴ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ንግግሯ ሁሉ ጤና ጤና ይል ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀ። አዲሱ ዓመት ገባ፣ አደይ ፈነዳ፣ ዝናቡ ግን እልኸኛ ሆነ። ልጆቹ ሊመጡ ሲቃረቡ አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። የሺመቤት የክትፎውን ቅቤ ልትገዛ ገና በማለዳ ወደ እንሴኖ ገበያ ሄዳለች። ሀብቴ ፍሊቱን ሞላና መንፋት ጀመረ። ፉስ፣ ፉስ ይላል። አንዴ ይተፋል፣ አንዴ ይታነቃል። ግራ እጁን ከላሜራው ጥቂት ራቅ አድርጎ፣ ጉሙ ሲነካው ወዴት እንደሄደ እያወቀ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ዞራት። ደክሞት ሲቆም ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ወጥታለች። ከዚያች ከቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ቀዩን አየው። ያው የድሮው ቀይ! ኮፈኑ እንደ በርበሬ በርቷል። ሰውዬው እጁ ቀለም እንደሆነ ግቢው መሐል ቆሞ አለቀሰ። ደስታ ነበር። እንዲያ ደስ ያለው ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሆነ እሱም አያውቀውም።

ከቀትር በኋላ ዘቢዳር ላይ ሰማዩ አጉረመረመ። ንፋሱ ቀዘቀዘ፣ አንድ ጠብታ እጁ ላይ አረፈች። ሸራ የለውም። ያለው ላስቲክ ለደመራውና ለበዓሉ በተፈለጠው እንጨት ላይ ተዘርግቷል። ታዲያ ጉራጌ መሸፈኛ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ጓሮ ገብቶ እንሰት ይቆርጣል። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል፣ ቅቤው በእሱ ይቋጠራል፣ ዝናብ የያዘው መንገደኛ እንኳ ቅጠሉን ቀጥፎ እራሱ ላይ ይደፋል። ሀብቴም ኮፈኑን በጣቱ ነካ አደረገው፤ አልያዘውም፣ ደርቋል። ኮፈኑ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው የቆየ ነው። በሮቹና ጎኖቹ ግን ጥላ ውስጥ ነበሩ፤ ዓይን ያለው ሰው ከሩቅ ቢያያቸው እርጥበታቸው ያብለጨልጭ ነበር። እሱ አንድ ቦታ ነክቶ ለሁሉም ፈረደ። በገጀራ ትልልቁን ቅጠል ጣለና ከላይ እስከ ታች አለበሳት፤ ንፋስ እንዳይገልጠው በቃጫ ገመድ አጥብቆ አሰረው። ዝናቡ ሲወርድ እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። «እሰይ፣ ቀደምኩህ!» አለው ዝናቡን።

በማግስቱ ጠዋት ገመዱን ፈታ። የኮፈኑ ቅጠል እሺ ብሎ ተነሳ። የበሩ ግን አልላቀቅ አለ። ሳብ ሲያደርገው እንደ ቁስል ፋሻ ጭርር ብሎ ተላጠ። እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። የቅጠሉ ጅማት አንድም ሳይቀር ታትሞበታል፤ መሐሉ ላይ ወፍራሙ አጥንት፣ ከግራና ከቀኝ ቀጫጭኖቹ መስመሮች። አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ከነሥሩ ከቅጠሉ ጋር ሄዶ ባዶ ላሜራ ይነካዋል። በላዩ የእንሰቱ ውሃ ሙጭጭ ብሏል። ያ ውሃ ልብስ ላይ ጠቁሮ የማይለቅ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወደ ሌላውም በር ዞረ፣ ያው ነው። የኋላውንም ዳበሰ።

«አለቀልኝ» አለ በልቡ። ግን አላለቀለትም ነበር። እንዲህ ብሎ አሰበ፤ ይህን ዓይነት ስህተት የሚያይ ሰውም ይሠራዋል፣ ሞኝ ከሆነ። ሞኝነት ደግሞ ከቤት አያስነቅልም። አሁን የሺ ትወጣለች። ታያለች። «አንተ ደደብ!» ብላ ሰፈሩን ታናውጠዋለች። ልጆቹ ሲመጡ ትነግራቸዋለች፣ ይስቁበታል፣ ጀማሉ ዓመቱን ሙሉ ይቀልድበታል። ይሳቁበት! የሚስቁበት ሰው የሚያይ ሰው ነው። ስድቧን እንደ ምሕረት ቆሞ ጠበቀ።

በሩ ተከፈተ። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ እስከ በረንዳው ጫፍ መጣና ቀጥ አለ። ሀብቴ ቀለሙን የሚያደንቅ መስሎ ጀርባውን ሰጥቷታል። ብዙ ቆየች። ጎረቤት ሰው እንጨት ይፈልጣል፣ ለበዓል የመጣ አውቶቡስ ከሩቅ ጥሩንባ ይነፋል።

«አምሯል» አለች በመጨረሻ።

«ምን አልሽ?»

«አምሯል፣ ሀብቴ። አበጀህ።»

ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ለታመመ ሰው አጥሚት ስታቀርብ የምታወጣው ድምፅ ነው። ሀብቴ እጁን ሰደደና መኪናዋን ተደገፈ።

«በሩ በኩልስ?» አለ።

«በሩም። ሁሉም እኩል ነው። እንደ መስታወት።»

ጣቶቹ እዚያው በሩ ላይ፣ ጅማቱ ላይ ነበሩ።

«የሺ» አለ። «ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እንደ ድሮሽ ነዋ! አንተ የማትረባ፣ እርጥብ ቀለም በእንሰት ይሸፈናል ወይ፣ በይኝ። መኪናዋን ገደልካት በይኝ። በይኝ እንጂ፣ የሺ!»

አፏን ከፈተች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ዓምና ለመስቀል» አለች። «ሥጋ ስትመትር ጣትህን ቆረጥከው። ደሙ ሥጋው ላይ እየፈሰሰ አንተ መመተርህን አልተውክም። ‹ትንሽ ጫረኝ› አልከኝ። ትንሽ አልነበረም። ቀዩን ከቀዩ መለየት አቅቶህ ነው።»

«ልጆቹስ?»

«ያኔውኑ ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? ብቻዬን ልያዘው? ሊወስዱህ ነበር፤ እኔ ነኝ ለምኜ አንድ ዓመት ያቆየሁህ። መኪናውን ልቀባ ነው ስትል ‹ይቀባ፣ ልቡ ደስ ይበለው› ተባባልን። ከበዓሉ በኋላ ግን… ቴዲ ክፍሉን አዘጋጅቷል።»

ሀብቴ ቃሉን በልቡ ደገመው። ይቀባ፣ ልቡ ደስ ይበለው። ለሕፃን ጭቃ እንደሚሰጥ ማለት ነው። ቴዲ በየስልኩ «ቀለሙስ አባዬ?» የሚለው እንግዲህ ይህ ነበር። ዓመት ሙሉ ላብ በላብ እየሆነ የደበቀው ከሚያውቁ ሰዎች ነው። ከሁሉም አንጀቱን የቆረጠው ግን ይህ አልነበረም። የሺ ዓመቱን ሙሉ ስትቆጣው የከረመችው፣ የፍሊቱም ነገር፣ እንዳይነቃ ብላ ነበር ማለት ነው። ያም ቢሆን ቁጣ ነበር። ዛሬ ቁጣውንም ተወችው።

ልጆቹ በነጋታው ደረሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ለእንኳን አደረሳችሁ ወጥቶ መኪናዋን ከቦ ቆመ። ነገሩን ሰምተዋል መሰል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ሁሉም ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚናገረው። «ያምራል።» «በጣም ያምራል።» ሩቲ አባቷን አቅፋ ጉንጩን ሳመችና «አባዬ፣ አዲስ ሆናለች እኮ!» አለችው፤ ጉንጯ እርጥብ መሆኑ ታወቀው። ጀማሉም መጣ። ሀብቴ የመጨረሻ ተስፋውን እሱ ላይ ጥሎ፣ «እህሳ ጀማሉ፣ የበር ቀለምህ እንዴት ሆነ?» አለው። ጀማሉ፣ ሞትን እንኳ ሳይቀልድበት የማያልፈው ጀማሉ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ማሻአላህ» ብቻ አለና እጁን ጨበጠው። ሀብቴ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም።

ደመራው ከመለኮሱ በፊት አገር ቤት፣ ከእንሴኖ መንገድ ገባ ብላ ወዳለችው የአባቱ መንደር መድረስ ነበረባቸው። ሀብቴ ሳያስብ፣ እግሩ ከድሮም በለመደው በኩል፣ በመሪው በኩል ሄደ። እጁን ሲሰድ የቴዲን ትከሻ ነካ። ቴዲ ቀድሞ ተቀምጧል። ሀብቴ እጁን አነሳና መኪናዋን እየዳበሰ በአፍንጫዋ በኩል ወደ ሌላው በር ዞረ። እዚያ የሺመቤት ተቀምጣለች፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእሷ ቦታ ነው። እሷም ወረደችለት። ወንበሩን አጥፋ ከሩቲ ጋር ከኋላ ገባች፣ ጉልበቷን አገጯ ላይ አድርጋ። ሩቲ ከኋላ እጇን ዘርግታ የአባቷን ክንድ ይዛ አስቀመጠችው። «ልቀቂኝ» አላላትም።

መንገዱ ክረምቱ የበላው ነበር። ቴዲ የከተማ ነጂ ነው፤ ጉድጓድ አያውቅም፣ ይፈጥናል። ገና አስፋልቱን እንደለቀቁ አንዱ ጎማ ጥልቅ ብሎ ገብቶ ሁሉም ከጣራው ጋር ተላተሙ። ሀብቴ ትንፋሹን ይዞ ከኋላ የሚመጣውን አዳመጠ። ምንም የለም። ጥቂት ሄደው ሌላ ጉድጓድ ገቡ፣ ከዚያም ሌላ። የሺመቤት እስከ መንደሩ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሀብቴም በየጉድጓዱ እየጠበቃት ሄደ።